አንድ ሜትር በአንድ ሜትር

ባሕሩ ሲያፈገፍግ፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
ወደ ዓለቱ ወረድን በአሸዋ ጎዳና፤
ቡትስ ያጠለቅን አሥራ አራት ተማሪ፣
ፊት ፊት መምህርት ኦሪዬታ፣ ባትሪዋ መሪ።
ከኋላችን ቺሌ፣ እንደ ገመድ ረዝማ፣
ከፊታችን ፓስፊክ ሲያጉረመርም በጨለማ።

የያዘችው ሽቦ ነው፣ አራት ማዕዘን የተጣመመ፣
ጎን ጎኑ አንድ ሜትር፣ በሲባጎ የተገጠመ።
«ባሕር» አለች «በሙሉው አይቆጠርም፤
ያልቆጠሩት ነገር ደግሞ አይነገርም።
ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወርውሩ፤ ዓይን ያዳላልና፣
የወደደውን ያነሣል፣ የጠላውን ይተውና።»

ወረወርኩ።
ሽቦው ካረፈበት ተንበርክኬ ቆጠርኩ፤
መቶ ሰባት ጥቁር ዛጎል፤ ሳትኩ ብዬ ጠረጠርኩ፤
የሚያዳልጥ አረንጓዴ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ፣
አንድ ሸርጣን፣ ከጣቴ ሸሽቶ የገባ ስንጥቅ።
«ሕይወት የሌለውንም ጻፉ» አለች፤ «ጨዉን፣ ነፋሱን፣
የውኃውን ቅዝቃዜ፣ የብርሃኑን መድረሻ፣ ድንጋዩን ራሱን።
ቤት ማለት ነዋሪው ብቻ አይደለም፤ ግድግዳም አለበት፤
ጣሪያው ካፈሰሰ ማንም ደረቅ ሆኖ አያድርበት።»

ሎኮስ?
ሎኮ የባሕራችን ቀንድ አውጣ ነው፣ ጡጫ የሚያህል፣
ዛጎሉን ቀስ ብሎ በልቶ ለሌላው ቦታ የሚያደላድል።
እሱ ሲጠፋ ጥቁሩ ዛጎል በዛጎል ላይ ተደራርቦ
ሌላው ሁሉ መቆሚያ ያጣል፣ ዳር ለዳር ተገፍቶ፣ ተርቦ።
ባለፈው መጋቢት እዚሁ አሥራ አንድ ቆጥረን ነበር፤
አጥማጆች የከለሉት ነው፣ በማኅበር፣ በገመድ፣ በድንበር።
ዘንድሮ ሁለት።
ደግሜ ቆጠርኩ። ሁለት።

«ማን ማንን እንደሚበላ ሳሉ» ተባልን።
ከፀሐይ ጀመርኩ፣ ቀስቱን ወደ ደቂቁ አልጌ፣
ከአልጌው ወደ ዛጎሉ፣ አፉን ከፈት አድርጌ፣
ከዛጎሉ ወደ ሎኮ፣ ከሎኮ ወደ ወፍ፣
የሞተው ሁሉ ወደ ታች፣ ወደ አብስባሾቹ እንዲረግፍ፤
እዚያ ፈርሶ፣ ተፈጭቶ፣ አልጌው መልሶ እንዲጠጣው።
ጉልበት ግን አይመለስም፤ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው።
ከእርከን እርከን ሲወጣ ይንጠባጠባል፣
እንደ ተቀደደ ባልዲ፤ ከአሥሩ አንዱ ቢገባ ይገባል።
ለዚህ ነው ከላይ ያሉት ጥቂት፣ ከታች ያሉት ብዙ፤
ለዚህ ነው ጥቂቱን ሲነኩ ሁሉም የሚናወዙ።

ኦሪዬታ በትከሻዬ አየች፤ «ሥዕልሽ ያምራል፤
አንድ ቀስት ግን» አለች፣ «አንድ ቀስት ይጎድላል።»

የቱ እንደሆነ አውቀዋለሁ።
ከበሩ ጀርባ፣ ሌሊት፣ ጠብ ጠብ የሚል የጠላቂ ልብስ፣
አባቴ ኤሌዮዶሮ ጆንያ ሲጎትት፣ ውሻው እንዳያለቅስ፤
መብራቱን አጥፍቶ የሚመጣ ገዥ ከነሚዛኑ፣
ከዳቦው ጎን የታጠፈ ፔሶ፤ ዝምታችንም በየመጠኑ።
ዝቅ ብዬ ቡትሴን አየሁ፤ አዲስ ነው፣ ውኃ የማያስገባ፤
ስንት ሎኮ ነው እግሬ ላይ፣ ስንት ነው ሆዴ የገባ?

እርሳሴን አነሣሁ። ከሎኮው ቀስት ሰደድኩ ወደ ትንሽ ቤት፣
ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ከበሩ ጀርባ ልብስ የተሰቀለበት።
አየችው። አልጠየቀችም። «ቀጣዩን» አለች «ወርውሩ»፤
ቆጥረን የጨረስነውን ድንጋይ ሊሸፍን መጣ ባሕሩ።

ማታ አባቴ ደብተሬን ገለጠ። ሲያነብ ቀስ ይላል።
ጣቱ ቤቱ ላይ ቆመ።
«ሁለት ነው ያልሽው?»
«ሁለት።»
ጠብታው ያን ሌሊት አልተሰማም፣ ልብሱ ደርቆ አደረ፤
የነገን አላውቅም፤ ዕዳችን ቅንጣት አልተቀየረ።
ሽቦው ከአልጋዬ ሥር ነው፤ ጨው በልቶት መዛግ ጀምሯል፤
መጋቢት ደግሞ ይመጣል።